ሚስ አያንቱን የካድኩበት ጠዋት

ባለፈው ሰሞን ልጄ ሙስጠፋና ሚስቱ ለልጃቸው ሞግዚት ሊቀጥሩ ነበርና እኔም ሴትዮዋን እንዳያት ቤታቸው ጠሩኝ። ዘንድሮ ሞግዚት የሚገኘው በኤጀንሲ ነው። ሠላሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን ወደ ኋላ ያሰረች፣ ሰርተፍኬቷን በፕላስቲክ አድርጋ የያዘች ሴት መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ምራቴ ስልኳ ላይ ጽፋ ያዘጋጀችውን ጥያቄ አንድ በአንድ ጠየቀቻት። ሴትዮዋም ረጋ ብላ መለሰች። በመጨረሻ ምራቴ፣ «አንቺስ የምትጠይቂን ነገር አለ?» አለቻት። «ምግብ የምበላው የት ነው?» አለች። ምራቴ አልገባትም። «ኪችን ውስጥ ያለውን ሁሉ መብላት ትችያለሽ» አለቻት። «እሱን አይደለም... ማለቴ፣ ከልጁ ጋር ጠረጴዛ ላይ ነው ወይስ ከሠራተኛዋ ጋር?» ልጄ ፈገግ አለ። እኔ ግን ሻዬን አስቀምጬ ወደ በረንዳው ወጣሁ። ከኋላዬ፣ «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» ሲል ሰማሁት።

የልጄ ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከበረንዳው እንጦጦ ፊት ለፊት ይታያል። እኔና ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ያደግንበት ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ገበያ ወረድ ብሎ፣ ወደ ቀጨኔ በሚያቋርጠው መንገድ ዳር፣ ፊቱ ሰፊ በረንዳ ያለው የጭቃ ቤት ነበር። አሁን ቦታው ላይ ብሎኬት ተደርድሯል። ጠዋት ጠዋት ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በበራችን ሲያልፉ የባሕር ዛፉ ሽታ ጓዳችን ድረስ ይገባል። ከመንገዱ ማዶ ጎሚስታ ነበር፤ ባለቤቱ ከጎማው ይልቅ ሬዲዮኑን ይወድ ነበርና የወጣውን ዘፈን ሁሉ ሰፈሩ የሚሰማው ከእሱ ነው። ሰማያዊና ነጭ ሴይቼንቶ ታክሲዎች ዳገቱን እያቃሰቱ ወጥተው ሲመለሱ በስሙኒ ስድስት ኪሎ ያደርሳሉ። የሰፈሩ ጎረምሶች ሱሪያቸው ከታች ሰፍቶ መሬቱን ይጠርጋል፣ ሴቶቹ ቀሚሳቸው ከጉልበት በላይ ይቀራል፤ እኛ ግን የጋቢ ነጋዴው የሰይድ ልጆች ነንና ቀሚሳችን ሁልጊዜ ከጉልበት በታች ነበር።

እናቴ የሞተችው ሰዓዳን ስትወልድ ነው። እኔ ስድስት ዓመት አልሞላኝም ነበር። አባዬ ከወሎ በልጅነቱ መጥቶ፣ ከሸማኔዎቹ እየገዛ በመሸጥ ሱቅ የከፈተ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። የአባዬ እህት አክስቴ ሩቅያ ከእኛ ጋር ትኖር ነበር፤ ቤቱን በደንብ ትይዛለች፣ ልጅ መያዝ ግን አይሆንላትም፣ ትቆጣለች። ታዲያ አባዬ ጋቢ ሊያደርስ በሄደበት አንድ ትልቅ ቤት፣ ልጆቹን የምታሳድግ ፈረንጅ ሴት አይቶ ይመጣል። በዚያን ጊዜ የትልልቅ ሰዎች ቤት እንደዚያ ነበር፤ ልጆቹን የምታስተምር፣ አነጋገርና አቀማመጥ የምታሳይ፣ ሽርሽር የምታወጣ ፈረንጅ ሞግዚት ትቀጠራለች። አባዬ ነገሩ ልቡ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ፈረንጅ መቅጠር አይችልም። ስለዚህ ፈረንጅ ያስተማራትን ፈለገ። አንድ ደንበኛው ከወለጋ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጣች፣ እዚሁ ጉለሌ ከዘመዶቿ ጋር የምትኖር፣ ጴንጤ ልጅ አለች አለው። እንዲህ ሆኖ ሚስ አያንቱ ሃያ ሁለት ዓመቷ ላይ አንዲት ቡናማ ሻንጣ ይዛ ቤታችን ገባች። ሰባት ዓመቴ ነበር።

የመጀመሪያውን ምሳ አልረሳውም። አክስቴ ለእኛ ጠረጴዛው ላይ፣ ለእሷ ደግሞ ጓዳ አቀረበች። ሚስ ሳህኑን አየችው፣ አልነካችውም። ወደ አባዬ መጥታ ቆመችና፣ «ጋሼ፣ ልጆቹን አበላል የማስተምር ከሆነ አብሬያቸው መብላት አለብኝ። ካልሆነ ሻንጣዬን አልፈታሁትም፤ ብሄድ ይሻላል» አለችው። አክስቴ ክው አለች። አባዬ ትንሽ አሰበና፣ «ሩቅያ፣ ወንበር ጨምሪ። ይቺ ሠራተኛ አይደለችም፤ የልጆቼ አሳዳጊ ናት» አለ። የሥጋ ነገር ግን ነበር፤ እሷ የእኛን ሥጋ አትበላም፣ እኛም የእሷን። ሥጋ በተሠራ ቀን ሽሮዋን ለብቻዋ ይዛ እዚያችው ወንበር ላይ ከእኛ ጋር ትቀመጣለች። ይህን ነገር አንድም ቀን ማንም ሲያነሳው አልሰማሁም።

አሁን ሳስበው ሥራዋ ምን እንደነበር በአንድ ቃል መናገር ያቅተኛል። ፊደል ያስቆጠረችኝ እሷ ናት፤ እንግሊዝኛ ያስጀመረችኝ እሷ ናት፤ ሦስተኛ ክፍል ገብቼ ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ የወጣሁት በእሷ ነው። ሰዎች ሲያወሩ አቋርጬ እንዳልገባ፣ ሳስነጥስ መሐረብ እንድይዝ፣ የማልፈልገውን ነገር ሰው ሳላስቀይም «አይ» እንድል አስተምራኛለች። ፀጉራችንን ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ታጥብና በፀሐይ እያደረቀች ትሠራናለች፤ ስትሠራ ቃል የሌለው መዝሙር በአፍንጫዋ ታንጎራጉራለች። ቃሉን የማታወጣው ለአባዬ ክብር ብላ እንደነበር የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ ቁርአን ወደምንቀራበት ቤት የምታደርሰን እሷ ነበረች። ጫማችንን በር ላይ ስናወልቅ ጭቃ እንዳይነካው አንሥታ ታቅፈዋለች፤ ቀርተን እስክንወጣ ድረስ ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ትጠብቀናለች። አንድ ቀን አልሄድም ብዬ ባስቸግራት፣ «አባትሽ አደራ ያለኝ ሁሉንም ነው፤ የሚመቸኝን ብቻ መርጬ ላስተምርሽ አልችልም» አለችኝ። ልጃገረድ በሆንኩ ቀን ደም አይቼ የምሞት መስሎኝ ሽንት ቤት ተደብቄ ሳለቅስ ያገኘችኝ፣ አጥባ አልብሳ አልጋዬ ላይ አስቀምጣ ሁሉን በቀስታ የነገረችኝም እሷ ናት። አክስቴ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል ተናግራኝ አታውቅም።

አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነኝ አንድ አስተማሪ ከቤተ ክርስቲያናቸው ይወዳት ጀመር። ረጅም፣ ግራጫ ኮት የሚለብስ ሰው ነበር፤ እሑድ እሑድ እስከ ጎሚስታው ድረስ ይሸኛትና ከዚያ አያልፍም። እኔና ሰዓዳ ከአጥሩ ኋላ ሆነን እያየን እንሳሳቅ ነበር። ከዚያ ሳቄ ጠፋ፤ ካገባች ትሄዳለች። አንድ ቀን እንቅልፍ የወሰዳትን ሰዓዳን አቅፋ ስታስተኛት፣ «ሚስ፣ ልትሄጂ ነው?» አልኳት። «ስምንተኛ ክፍል እስክትጨርሺ የትም አልሄድም» አለችኝ። ስምንተኛን ስጨርስ ደግሞ ሰዓዳ ገና ነበረች። ሰውየው ሁለት ዓመት ያህል ጠበቀ መሰለኝ፤ ከዚያ ሌላ አገባ። ሚስ ሠርጉ ላይ ሄዳ ስትመለስ ምን ለብሰው እንደነበር አንድ በአንድ ነገረችን። እኔ ደስ አለኝ። ልጅ ነበርኩ ብዬ ራሴን ላጽናና እችል ነበር፤ በኋላ ያደረግሁትን ያደረግሁት ግን ልጅ ሆኜ አይደለም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ታጨሁ። የባሌ ቤተሰቦች የመርካቶ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከእኛ በላይ ናቸው፤ ስማቸው ይታወቃል። ባሌን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ወድጄው ነበር። ነገር ግን ከእጮኝነቱ ጊዜ ጀምሮ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። አክስቴ ሩቅያ በየቀኑ፣ «ያሳደገቻት ክርስቲያን ናት ብለው እንዳይሰሙ። ምን ዓይነት ልጅ ትወጣለች ይላሉ» ትለኝ ነበር። አባዬ አልሰማም፤ ቢሰማ ዝም አይላትም ነበር። እኔም አልነገርኩትም፤ ነገሩ ቀስ ብሎ ውስጤ ገባ። ሚስ ግን ለሠርጌ ስትዘጋጅ ነበር። ስድስት ኪሎ አካባቢ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ሄዳ አመድማ ሱፍ፣ ጉርድና ጃኬት አሰፍታ ነበር። ቤታችን በኖረችበት ዘመን ሁሉ አዲስ ልብስ ስታሰፋ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ለብሳ አሳየችን። «የሙሽራ እናት አልመስልም?» ብላ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ያጠፋች ይመስል አፏን በእጇ ያዘች።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት ክፍሌ ውስጥ ተቀምጬ ሚስ ከኋላዬ ቆማ ሻሹን በፀጉሬ ላይ በፒን ታስይዛለች። ድንኳኑ በግቢው ተጥሏል፤ ከጓዳ በኩል ለክርስቲያን እንግዶች የተለየ ምግብ ይሠራል። የባሌ እናት ከሁለት እህቶቿ ጋር ሙሽራይቱን ልይ ብላ ገባች። ደርባባ፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ነበረች። አየችኝ፣ አገላበጠችኝ፣ ጥቂት አነጋገረችኝ። ከዚያ፣ «ማሻአላህ። እናትሽ ሳትኖር እንዲህ አድርጎ ያሳደገሽ ማነው?» አለችኝ። የሚስ እጅ ፀጉሬ ላይ ነበር። አክስቴ በሩ አጠገብ ቆማ ታየኛለች። «አክስቴ ናት። አክስቴ ሩቅያ» አልኩ። አማቴ ዞር ብላ ሚስን አየቻትና፣ «እሷስ?» አለች። «ቤታችን የምትሠራ ናት» አልኩ።

እጇ ቆመ። በፒኑ የምትወጋኝ መሰለኝ፤ አልወጋችኝም። ቀስ ብላ ሻሹ ውስጥ አሳለፈችው፣ ጠርዙን አስተካከለች፣ እጇን አነሣች። አማቴ ከቦርሳዋ የተጣጠፈ የሐር ሻርፕ አውጥታ፣ «ይህን ላሳደገቻት ብዬ ነው ያመጣሁት» ብላ ለአክስቴ ሰጠቻት። አክስቴ ተቀበለች። ሚስ ያን አየች፤ ከዚያ እጅ ነሥታ ወጣች።

በመስኮቱ በኩል ጓሮው ይታየኝ ነበር። ትንሽ ቆይቼ ሳይ ሚስ ጃኬቷን አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቅላ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ለሠርጉ ከተቀጠሩት ሴቶች ጋር ተደርድራ ሳህን ታጥባለች። ያ አዲሱ ጉርድ በውሃ ርሷል። ሰዓዳ እየሮጠች መጥታ፣ «ዘሀራ፣ ሚስን ምን አላችኋት? ድንኳን ግቢ ብላት እምቢ አለችኝ» አለችኝ። «እኔ እንጃ» አልኳት። ቀኑን ሙሉ አጠበች። መኪና ውስጥ ልገባ ስል ከሴቶቹ መሐል ቆማ እጇን በመሐረብ ስታደርቅ በዐይኔ ጠርዝ አየኋት፤ ፊቴን አላዞርኩም። በሳምንቱ ከአባዬ ቤት ወጣች። ሰዓዳ አድጋለች፣ በቃ፣ ሥራዬ አልቋል አለችው። አባዬ እስከ በር ሸኝቷት ሲመለስ ቀኑን ሙሉ ሱቅ አልከፈተም አሉ።

ከዚያ በኋላ ዘመን መጣ፣ ዘመን ሄደ። ልጆች ወለድኩ፤ አባዬ ሞተ፤ አክስቴ ሞተች። ሚስ ቤተ ክርስቲያናቸው ውስጥ ባለ መዋዕለ ሕፃናት እንደምታስተምር፣ አግብታ እንደማታውቅ ከሰዓዳ እሰማለሁ። ሰዓዳ አልተወቻትም፤ ለበዓሏ ሁሉ ትሄዳለች። «ትጠይቅሻለች» ትለኛለች። «እሄዳለሁ» እላታለሁ። አንዴ ሽሮ ሜዳ ለልጄ ሠርግ ልብስ ስመርጥ ከታክሲ ስትወርድ አየኋት፤ አርጅታለች፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛለች። ከተሰቀለ ጋቢ ኋላ ገብቼ እስክታልፍ ቆምኩ። ባለሱቁ፣ «እናቴ፣ ቀለሙ አልተስማማዎትም?» ሲለኝ ቀና ማለት አፈርኩ።

ከሁሉ ያደቀቀኝ ግን አማቴ ናት። ታማ ተኝታ እኔ ሳስታምማት አንድ ከሰዓት፣ «ያቺ በሠርግሽ ዕለት ሻሽሽን የምታስይዝልሽ የነበረች ሴት ደህና ናት?» አለችኝ። ደነገጥኩ። «ያሳደገችሽ እሷ ናት አይደል? የእጇ አያያዝ የእናት ነበር። ገና ስገባ ነው ያወቅሁት።» «ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?» አልኳት። «ከአፍሽ ሰምቼ ላመሰግናት ነበራ። አንቺ የሌላ ሰው ስም ጠራሽ፤ በሙሽራ ፊት ምን ልበል?» አለችኝ። ስለዚህ የፈራሁት ነገር እንኳን አልነበረም። ማንም ሳያስገድደኝ፣ ማንም ሳይጎዳኝ ነው የካድኳት። ይህን ከሰማሁ በኋላ መሄድ ነበረብኝ፤ ኀፍረቱ ይብሱን አሰረኝና ሌላ ስንት ዓመት ዝም አልኩ።

ከልጄ በረንዳ ላይ ሆኜ ለሰዓዳ ደወልኩላት። «ነገ ሚስ ጋ ውሰጂኝ» አልኳት። ምንም አልጠየቀችኝም።

ሚስ ቀጨኔ ውስጥ በጠባብ ዳገት መንገድ፣ ሸክላ ሠሪዎቹን አለፍ ብሎ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ከእህቷ ልጅ ጋር ነው የምትኖረው። በሩ ክፍት ነበር። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ፀጉሯ ፍጹም ነጭ ሆኗል፣ ሹራቧ እስከ አንገቷ ተቆልፏል። ሰዓዳን፣ «ምነው ቆየሽ አንቺ?» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ አየችና፣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለችኝ። አላወቀችኝም ብዬ አሰብኩ። «ሚስ፣ ዘሀራ ናት እኮ» አለች ሰዓዳ። «አውቄያቸዋለሁ» አለች ሚስ። «ዐይኔ ደከመ እንጂ አረማመድ አልረሳም።»

ሰዓዳ ነገሩን ሳታውቀው አልቀረችም፤ ዳቦ ልግዛ ብላ ወጣች። እኔ ወንበሩን ትቼ ወለሉ ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ስንት ዓመት ሳዘጋጀው የኖርኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ሚስ፣ የሠርጌ ዕለት ያልኩት ነገር...» አልኩና ቆምኩ። «ሰምቻለሁ» አለች። «ፒኑ በእጄ ነበር እኮ።» «ይቅር በይኝ» አልኳት። አለቀስኩ። እጇን ጭንቅላቴ ላይ አደረገች፤ እስክጨርስ ጠበቀች። «ይቅር ያልኩት ያኔውኑ ነው። ለጌታዬ ነግሬ ጨርሻለሁ። ያዘንኩት ስለ ሱፌ ነው፤ ያን ሁሉ መንገድ ተመላልሼ ለማን ነው ያሰፋሁት አልኩ» አለችኝ፤ ትንሽ ፈገግ አለች።

«ታዲያ ለምን ሳህን አጠብሽ? ለምን ክፍልሽ ገብተሽ አልተኛሽም? ለምን አልተቆጣሽኝም?» አልኳት። «እርስዎ ሠራተኛ ናት ብለዋል» አለች። «በዚያ ሱፍ ድንኳን ውስጥ ብቀመጥ አማትዎ ውሸትዎን ያውቃሉ። በመጀመሪያው ቀን ውሸታም ሆነው እንዳይገቡ ብዬ ነው።»

ደጅ ልጆች ይጫወታሉ። በመጨረሻ እጇን ይዤ፣ «ሚስ፣ ይቅር ካልሽኝ እርስዎ አትበይኝ። ሰዓዳን እንደምትያት አንቺ በይኝ» አልኳት። ከልቧ እንደሞከረች ከፊቷ አየሁ። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። «ቂም አይምሰልዎ» አለችኝ። «ያን ቀን አንቺ የሚለው ቃል ከአፌ ጠፋና አልተመለሰም። ስንት ጊዜ ብቻዬን ሆኜ ሞክሬዋለሁ።»

አሁን በየረቡዑ እሄዳለሁ። ጥፍሯን እቆርጥላታለሁ፣ ፀጉሯን አጥቤ በር ላይ በፀሐይ አደርቅላታለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱሷን የሚያነብላት ሲጠፋ እኔ አነብላታለሁ፣ የማላውቀውን ስም ስሳሳት ታርመኛለች። ስለ ድሮው እናወራለን፤ ስለ አባዬ ስናወራ ትስቃለች። ሰዓዳን ትቆጣታለች፣ ትሰድባታለች፣ ጆሮዋን ትይዛታለች። እኔን ግን አትቆጣኝም። ባለፈው ረቡዕ ልወጣ ተነሥቼ ጉልበቷን ስስም፣ እንደ ሁልጊዜው ትከሻዬን ዳሰሰችና፣ «መንገዱ ቁልቁለት ነው፣ ቀስ ብለው ይውረዱ» አለችኝ።